የጥያቄው ሆስፒታል

ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። መጀመሪያ አርባ ሰባት አመጣሁ፣ ቀጥሎ አርባ አራት። ማለፊያው ሃምሳ ነው። ልጄ «እማ፣ ሰው እያጠና እንዴት ወደ ኋላ ይሄዳል?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም አብሬያት ሳቅሁ፤ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩና አለቀስኩ።

ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በወላዶች ክፍል ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። በእነዚህ እጆች የተቀበልኳቸው ልጆች ዛሬ ራሳቸው ሊወልዱ ይመጣሉ። አዲሱ ደንብ ግን የድሮ ዲፕሎማ ያለው ነርስ ሁሉ እንደ አዲስ ተመራቂ ተፈትኖ የሙያ ፈቃድ ያውጣ አለ። ዕድሉ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ሦስተኛውን የወደቀ ከታካሚ አጠገብ ይነሳና ዕቃ ግምጃ ቤት ይመደባል። እኔ አንሶላና ባልዲ ስቆጥር ይታያችሁ! ለሌላው ሥራ ሥራ ነው፤ ለእኔ ግን ከነነፍሴ መቀበር ነው።

የሚጥለኝ የማመዛዘን ጥያቄ ነው። የመድኃኒት ስሌቱን፣ የክትባቱን፣ የአጥንቱን ስም አንድም አልስት። «ታካሚዋ እንዲህ ሆነች፤ ነርሷ በቅድሚያ ምን ታደርጋለች?» የሚለው ጋ ስደርስ ግን ያልበኛል። አራቱም ምርጫ ትክክል ይመስለኛል። ቢመስለኝስ ምን ይገርማል፣ አራቱንም በተለያየ ቀን አድርጌያቸው አውቃለሁ።

ልጄ ዘንድሮ በነርስነት የተመረቀች ናት። ሚጣ ነው የምላት፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ ቢሆንም ሚጣ ናት። ፈተናውን የምንፈተነው በአንድ ቀን፣ በአንድ አዳራሽ ስለሆነ አስተማሪዬ ሆነች። ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሻያችንን ይዘን ትጠይቀኛለች።

«አራት ታካሚዎች አሉሽ። አንዷ ትንፋሽ አጥሯታል…»

«ኦክስጅኑ ማን ላይ ነው የተሰካው?»

«ምን?»

«ያለን አንድ ሲሊንደር ነው እኮ። ከማን ላይ ነቅዬ ነው ለሷ የምሰጣት?»

«እማ! በጥያቄው ሆስፒታል ኦክስጅን አለ። ለሁሉም አለ። ግድግዳው ላይ ነው።»

«ዶክተሩስ?»

«እሱም አለ። ስትደውዪ ያነሳል።»

«ወዲያው?»

«ወዲያው።»

«ታዲያ እዚያ ሆስፒታል እኔን መቼ ነው የሚቀጥሩኝ?»

እንዲህ እየተሳሳቅን ጥፋቴን አገኘችው። ሁልጊዜ የምመርጠው «ሐኪም ትጠራለች» የሚለውን ነው። እሷ እንደምትለው ፈታኞቹ ይህን ምርጫ የሚያስገቡት ሰነፏን ነርስ ለማጥመድ ነው። ጎበዟ ነርስ መጀመሪያ ትመረምራለች፣ ያገኘችውን ትመዘግባለች፣ ከዚያ በኋላ የምትናገረው ነገር ይዛ ትጠራለች። «ዶክተሩ ግፊቷ ስንት ነው ሲልሽ ምን ልትዪው ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ የሚመልሱት ያጣሉ።

እኛ ክፍል ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዶክተሩ የሚውለው ግቢውን አቋርጦ፣ ደረጃውን ወጥቶ፣ ከኦፕራሲዮን ክፍሉ ጀርባ ነው። የውስጥ ስልኩ ከተበላሸ ስንት ዘመኑ። የእጅ ስልኩንም ኦፕራሲዮን ሲገባ ከልብሱ ጋር ቁምሳጥን ውስጥ ይቆልፈዋል። ስለዚህ የምንልከው ጽዳቷን ነው። እሷን ሁላችንም «ስልክ» እንላታለን፤ መጠሪያዋ ከሆነ ቆይቷል፣ እሷም «አቤት፣ መስመር ላይ ነኝ» ብላ ትመልሳለች። ሃምሳውን ያለፈች፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት። ሮጣ ለመድረስ ሰባት ደቂቃ፣ ዶክተሩን ካለበት ፈልቅቃ ለማምጣት ደግሞ ሌላ አሥር ደቂቃ ይፈጅባታል። ስለዚህ በኛ ክፍል ከማንም መጽሐፍ ያልተማርነው አንድ ሥርዓት አለ፦ ልብሽ ከፈራ መጀመሪያ ስልክን ላኪ። ከዚያ መርምሪ። ዶክተሩ ሲደርስ መርምረሽ ጨርሰሻል። በከንቱ ከሆነ ይቆጣል፣ ትሰደቢያለሽ፣ አለቀ።

ሚጣ ይህን ልማድ ነቅላ ልትጥለው ቆርጣ ተነሳች። በመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ላይ «መጀመሪያ መርምሪ፣ ከዚያ ጥሪ» ብላ በትልቁ ጽፋ ለጠፈች። ጥርሴን ስፍቅ አነበዋለሁ፣ ፀጉሬን ሳበጥር አነበዋለሁ። «ሐኪም ትጠራለች» ባልኩ ቁጥር እጄን በእስክሪብቶ ትመታኛለች፤ መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ኋላ ኋላ ከምሯ። በስድስተኛው ሳምንት በልምምድ ፈተናው ስልሳ ስምንት አመጣሁ። ዘላ አቀፈችኝ። እኔም እንደ ልጅ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ፈተናው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት፣ ስድስት ቁጥር አልጋ ላይ የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ሴት ነበረች። ከወለደች አራት ሰዓት ሆኗታል። ልጁ ጠብቷል፣ ባሏ ልብስ ሊያመጣ ወጥቷል። በክፍሉ ተረኛዋ ነርስ እኔ ብቻ ነኝ። ሦስት ቁጥር ቀዶ ጥገናዋ እያመማት ትጮኻለች፤ የምትጮኸዋን ግን አልፈራትም። ስድስት ቁጥር በቀስታ «እቴቴ፣ ውሃ ትሰጪኛለሽ?» አለችኝ። ሰጠኋት። ጠጥታ አዛጋች። ብዙም ሳትቆይ ደግማ አዛጋች።

የወለደች ሴት ስታዛጋ እንቅልፍ ነው ብሎ የሚያልፍ ብዙ ነው። እኔ አላልፍም። ደም የጎደለው ሰው አየር ሲያንሰው እንዲህ እንደሚያዛጋ ሃያ ሦስት ዓመት አይቻለሁ። ልቤ ፈራ። ስልክ ከበሩ ባሻገር ኮሪደሩን እየወለወለች ነበር፤ ብጠራት ሦስት እርምጃ ናት። አፌን ከፈትኩ።

ከፈትኩና ዘጋሁት። መስታወቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ፊቴ ድቅን አለ። እጄ ላይ እስክሪብቶው ያረፈበት ቦታ ሁሉ ተሰማኝ። ምን ልትዪው ነው? በምን መረጃ ነው የምትጠሪው? ሰነፍ ነርስ አትሁኚ።

የእጇን አንጓ ይዤ ሙሉ ደቂቃ ቆጠርኩ፤ መቶ ሃያ ስምንት። ጻፍኩ። የክፍላችን የግፊት መለኪያ አየር ያፈስሳልና ትክክለኛውን ልለካ ብዬ የሕፃናት ክፍል ሄጄ የነሱን ተውሼ መጣሁ። ሰማንያ በአርባ። ጻፍኩ። ሙቀቷን ለካሁ። ጻፍኩ። ከዚያ አንሶላውን ገልጬ ጨርቋን አየሁ፤ ብዙም አልረጠበም። ሆዷን ስጫን ግን መጠንከር የነበረበት ማህፀኗ እንደ ሊጥ ሟሸሸ፣ የተጠራቀመው ደም ረግቶ ወረደ። ያኔ «ስልክ!» ብዬ ጮኽኩ። ሰዓቱንም ጻፍኩ። መጀመሪያ ስታዛጋ ካየሁበት እስከዚያ አሥራ አንድ ደቂቃ ሆኗል።

ከዚያ በኋላ የማውቀውን ሁሉ አደረግኩ። ማህፀኗን አሸሁ፣ ማህፀን የሚያኮማትረውን መርፌ ወጋኋት፣ በሁለት እጇ ግሉኮስ ተከልኩ። «ልጄን ማን ይዞታል?» አለችኝ። «እኔ ይዤዋለሁ» አልኳት፤ ሁለቱም እጆቼ ሆዷ ላይ ነበሩ። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።

ዶክተሩ ከነኦፕራሲዮን ጫማው እየሮጠ ገባ። ወደ ቃሬዛ ስናነሳት ትንፋሿ አልነበረም። ደረቷን እየተጫነ ብዙ ታገለ፤ ሳይሆን ቀረ። ጓንቱን እያወለቀ ማንንም ሳያይ፣ «አሥር ደቂቃ ቀደም ብዬ ብደርስ ኖሮ ኦፕራሲዮን ጠረጴዛው ላይ አወጣት ነበር» አለና ወጣ። ክፉ ሰው አይደለም። ያየውን ነው የተናገረው።

ስልክ በሩን ተደግፋ ቆማ ነበር። ገና ትንፋሿ አልተመለሰላትም ነበር። «ጉልበቴ ነው እቴቴ» አለችኝ። «ደረጃው ላይ ያዘኝ፣ ቆምኩ። ጉልበቴ ነው የገደላት።»

ዝም አልኩ። «አይደለም፣ እኔ ነኝ ዘግይቼ የላክሁሽ» ማለት ነበረብኝ። ሰባት ቃል እንኳ አይሞላም። በሕይወቴ ካደረግሁት ሁሉ ያንን ዝምታ ነው የምጠላው። ባሏ አዲሱን ልብስ በፌስታል ይዞ ሲገባ ያየሁትን ደግሞ ለማንም አልተርክም።

ቤት ስገባ ሚጣ ጠረጴዛው ላይ ወረቀቶቿን ዘርግታ ትጠብቀኛለች። ፊቴን አየችው።

«ምን ሆንሽ?»

«የወለደች ሴት ሞተችብኝ። ደም ፈሷት።»

ብድግ ብላ አቀፈችኝ። ትንሽ ቆየችና፣ እሷ እንደሆነ ፈተናው ከጭንቅላቷ አይወጣም፣ ቀስ ብላ «በቅድሚያ ምን አደረግሽ?» አለችኝ።

«መረመርኳት።»

«ከዚያ?»

«መዘገብኩ። ከዚያ ጠራሁ።»

«ትክክል ነው እማ። ማድረግ ያለብሽን አድርገሻል» አለችና ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ አስጠግታ ትዳብሰኝ ጀመር። ልነግራት እችል ነበር። ብነግራት ግን ያቺን ሴት የገደለው የኔ እጅና የሷ እስክሪብቶ ሊሆን ነው። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ገና አንድ ሰው እንኳ እጇ ላይ አልሞተም። አልነገርኳትም።

የሞቱን ጉዳይ ያጣራችው የነርሶቹ ኃላፊ ካርዱን አገላብጣ አየችና «እንዲህ የተሟላ መዝገብ በዚህ ክፍል አይቼ አላውቅም። እያንዳንዱ ሰዓት ተጽፏል» አለችኝ። ጥፋት አልተገኘም። ስልክ ግን በማግስቱ ጉልበቷን በፋሻ ጠቅልላ መጣች። «አሁን እፈጥናለሁ እቴቴ፣ ታያለሽ» አለችኝ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ፈተናው አዳራሽ ውስጥ በኮምፒውተር ነው የተሰጠው። ጥያቄ በጥያቄ ይመጣል፤ መልሰው «ቀጣይ» የሚለውን ከነኩ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ሚጣ ከፊቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች፣ ጀርባዋ ይታየኛል። ግማሽ ያህሉን እንደ ደህና ሰው ሠራሁ። ከዚያ ይህ መጣ፦

«አንዲት እናት ከወለደች ከአራት ሰዓት በኋላ ጥማትና ድካም እንደሚሰማት ትናገራለች። ነርሷ በቅድሚያ ምን ታደርጋለች? ሀ. ሐኪም ትጠራለች። ለ. የሚጠጣ ፈሳሽ ትሰጣለች። ሐ. የልብ ምቷን፣ የደም ግፊቷንና የማህፀኗን ሁኔታ ትመረምራለች። መ. እንድታርፍ ትመክራታለች።»

አራት ሰዓት። ጥማት። ደግሜ አነበብኩት። ዙሪያዬን አየሁ፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ይሠራል። ማዛጋቷን አልጻፉም፤ ጸሐፊው ስታዛጋ አላያትም ማለት ነው። ጥሩ ሰው ይሆናል፣ የተማረም ነው። ስልክን ግን አያውቃትም። በሱ ሆስፒታል ደረጃ የለም፣ የሚያማት ጉልበት የለም፣ የተቆለፈ ቁምሳጥን የለም። እዚያ የምትመረመረው ሴት እስክትመረመር ትጠብቃለች። አትሞትም።

መልሱን አውቀዋለሁ፣ ሐ ነው። ሀ ብዬ ልሙት አልኩ፤ ቢያንስ እዚህ፣ ቢያንስ አንዴ ልጥራላት። ጣቴ ሀ ላይ ደረሰ። ከዚያ ግምጃ ቤቱ ታየኝ፣ ባልዲው ታየኝ፣ አርባ አራት ያመጣሁ ቀን የሳቀችው ልጄ ታየችኝ። ሐን ነካሁ። «ቀጣይ» የሚለውንም ነካሁ። ስድስት ቁጥርን ሁለተኛ ጊዜ ተውኳት፣ በዚህኛው ደግሞ ነጥብ አገኘሁባት።

ውጭ ስንወጣ ሚጣ ክንዴን ይዛ እየነጠረች፣ «ያቺን የጠማትን አየሻት? ያንቺ ታካሚ እኮ ናት! ሐ ነው ያልሽው አይደል?» አለችኝ።

«ሐ።»

«ጎበዝ የኔ እናት!» ብላ መንገድ ላይ ጉንጬን ሳመችኝ።

እኔ ስልሳ ሦስት አመጣሁ፣ እሷ ሰማንያ አንድ። የትም ሊመድቧት ይችሉ ነበር፤ «ከእማ ጋር» ብላ አመልክታ የኛን ክፍል መረጠች። ሁለታችንም ፎቶ ያለበት አዲስ መታወቂያ ደረታችን ላይ ለጥፈን በአንድ በር ገባን። ስልክ እልል ብላ ተቀበለቻት።

በመጀመሪያው ቀን ልነግራት ይገባ ነበር። ሚጣ፣ እዚህ እንደ ጥያቄው አይደለም፣ እዚህ መጀመሪያ ስልክ ትሮጣለች፣ ማለት ብቻ ነው። ግን ይህን ካልኳት ስድስት ቁጥርስ ትለኛለች። ሚጣ ሞኝ አይደለችም። ነገ እላለሁ፣ ነገ ሲመጣ ደግሞ ነገ። እስከዚያው ከዓይኔ አላርቃትም፤ «እማ፣ እንደ ጥላ ተከተልሽኝ» ትለኛለች። ሰው ልጁን ላለማሳዘን ብሎ በሰው ነፍስ እንዲህ ይቀልዳል? እኔ ቀለድኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ለአምስት ቁጥር መርፌ ስወጋ ሚጣ ሁለት ቁጥር አጠገብ ቆማለች። ሁለት ቁጥር ንጋት ላይ መንታ የወለደች ሴት ናት። «እህቴ፣ ውሃ ታቀብዪኛለሽ?» ስትል ሰማኋት። ዞር አልኩ። ሴትየዋ ጠጥታ ብርጭቆውን መለሰችና አፏን ሸፍና አዛጋች። ሚጣ አየቻት። የእጅ ሰዓቷን ገልብጣ የሴትየዋን አንጓ ያዘችና በከንፈሯ መቁጠር ጀመረች፤ ልክ እንዳስተማረችኝ።

«ስልክ!» ብዬ ጮኽኩ። «ሩጪ! ዶክተሩን!»

መወልወያዋ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ተሰማኝ።

«እማ» አለች ሚጣ፣ አንጓዋን ሳትለቅ፣ ፊቷ በእፍረት ቀልቶ፣ «ገና ምንም አልመረመርኩም እኮ። መጀመሪያ…»

«እዚህ አይደለም!» አልኳት። «እዚህ መጀመሪያ ይጠራል!» አንሶላውን ገልጬ ሆዷን ተጫንኩ። ማህፀኗ እንደዚያኛዋ ሟሸሸ፣ ደሙም እንደዚያኛዋ ረግቶ ወረደ። «እጅሽን አምጪ፣ እዚህ ጋ ማሸት ነው፣ አታቁሚ።» ሚጣ አሸች። እኔ ግሉኮስ ተከልኩ። ዶክተሩ ሲደርስ ሴትየዋ ገና ዓይኗ ክፍት ነበር፤ ልጆቿን ትጠይቃለች። ቃሬዛው ላይ አውጥተን ኦፕራሲዮን ክፍል አስገባናት።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ዶክተሩ ራሱ መጥቶ «ድናለች። በጊዜ ነው የጠራችሁኝ» ብሎን ተመለሰ።

ስልክ ፋሻዋን እያስተካከለች ባዶው ሁለት ቁጥር አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ፊቷ በደስታ በርቷል። ሚጣ ግን እጇን ታጥባ ሳታደርቅ ቆማ ታየኛለች። ከጣቶቿ ውሃ ይንጠባጠባል።

«እማ፣ ያን ዕለት ስልክን የላክሻት መቼ ነው?»

ስልክ ቀና አለች።

«ከመረመርኳት በኋላ» አልኩ። «አሥራ አንድ ደቂቃ ቆይቼ።»

ስልክ ጎንበስ ብላ ጉልበቷ ላይ ያለውን ፋሻ ትፈታው ጀመር፤ ዙር በዙር፣ ሳትቸኩል። ጠቅልላ ኪሷ ከተተችውና መወልወያዋን አንስታ ሳታየኝ ወጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ እቴቴ ብላኝ አታውቅም።

ሚጣ ሁለት ቁጥር አልጋ ላይ ያለውን ደም የነካው አንሶላ ሰብስባ ፊቷን ቀበረችበትና አለቀሰች። ሁለት ቁጥር ባትድን ኖሮ፣ ስድስት ቁጥርም ልትድን ትችል እንደነበር አታውቅም፤ እንዲህም አታለቅስም ነበር።